ዘይነብዬ፣ የሐያትን ቀዶ ሕክምና ፈረምኩ

ዘይነብዬ፣ የአላህ እዝነት አይለይሽ። ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስካሁን ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ረስቼሽ አይደለም። ያስማልሽኝን ቃል አፍርሼ እንዴት እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራሽ። አፍንጮ በር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ፒያሳ የምሠራበት የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ግን ፈረሰና ባለቤቱ መርካቶ ገባ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። አንቺ ካረፍሽ ወዲህ በምሳ ሰዓት ከሱቁ በእግሬ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ወዳለው የልጃችን የሐያት ትምህርት ቤት እየሄድኩ፣ ሽንቷን በቀጭኑ ቱቦ የማወጣላት እኔ ነበርኩ። ከመርካቶ መድረስ ሲያቅተኝ ሐያት ራሷ ተማረች። ትንሽ መስታወት ይዛ ሽንት ቤት ትገባለች፤ ጨርሳ እጇን ታጥባ ትወጣለች። ዐሥራ አንድ ዓመቷ አይደል፣ እኔ ሳያት ማፈር ጀምራ ስለነበር ለእሷም ሳይቀላት አልቀረም።

ጀርባዋ ክፍት ሆኖ ስትወለድ፣ ክፍተቱ ቢዘጋም የሽንት ፊኛዋ በደንብ እንደማይሠራ አብረን ነው የሰማነው። በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም፣ በውጭ አገር ከልጁ ከራሱ ሰውነት ስቴም ሴል የሚሉትን፣ ሌላ አካል ሆኖ ሊያድግ የሚችለውን ሴል ወስደው ፊኛ ለማብቀል እየሞከሩ ነው ያለን ቀን ትዝ ይልሻል? ታክሲ አልያዝንም። እስከ ቤት በእግራችን፣ አንቺ እያወራሽ፣ እኔ እየሰማሁሽ ነው የሄድነው። ታመሽ ከተኛሽ በኋላም እጄን ይዘሽ፣ «ሆዷን እንዳታስቀድድ፤ ያ ነገር እስኪመጣ ጠብቅ» አልሽኝ። ወላሂ አልኩሽ።

ጠበቅኩ። ባለፈው ክረምት ግን ትኩሳት ይመላለስባት ጀመር። በአልትራሳውንድ ሲያዩዋት ሁለቱም ኩላሊቶቿ አብጠዋል። ፊኛዋ ጠንክሮና ጠብቦ ሽንቱን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ሐኪሟ ከራሷ አንጀት ቁራጭ ወስደን ፊኛዋን እናስፋው አሉኝ። ስለ ስቴም ሴሉ ጠየቅኳቸው። ቁጭ አድርገው አስረዱኝ፤ ልጆች ላይ ተሞክሮ እንደታሰበው አልሆነም፣ ዛሬም እየተጠና ነው፣ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። «ምርምሩ ይቀጥላል፤ የእሷ ኩላሊት ግን ያን ያህል አይቆይም» አሉኝ።

እንዲያም ሆኖ አልፈረምኩም። ስቴም ሴሉን ውጭ አገር በመርፌ እንሰጣለን የሚሉ ሰዎች አግኝቼ ደወልኩ። የምርመራ ወረቀቷን እንኳ ሳይጠይቁኝ መቼ ትመጣላችሁ ብቻ ይሉኛል። ፈራሁና ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ በየጠዋቱ፣ ትምህርት ቤት ሳትሄድ ግንባሯን መዳሰስ ሆነ ሥራዬ። ትኩስ ሲሆንብኝ እጄ ነው እንጂ እሷ አይደለችም እላለሁ።

አንድ እሑድ እህቴ መዲና ልትጠይቀን መጥታ፣ ለምን እንደማልፈርም አፋጠጠችኝ። ለአንቺ የማልኩልሽን ነገርኳት። ሐያት ከጓዳ ሆና ስትሰማ አላወቅንም። ወጥታ ፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ እማዬ ጠብቅ ያለችህ እኮ ያኔ ኩላሊቴ ደህና ስለነበረ ነው» አለችኝ።

 በማግሥቱ ሄጄ ፈረምኩ።

የተሠራላት ቀን ከጠዋት እስከ ከሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሣለሁ፤ የሚወጣው ሌላ ሰው ሲሆን እቀመጣለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ወጣች። አሁን ሦስተኛ ወሯ ነው። ቱቦው አልቀረላትም፤ ግን ሽንቱ ስለማያመልጣት ቅያሪ ቀሚስ ይዛ ትምህርት ቤት መሄድ ትታለች፤ ትኩሳቱም አልተመለሰም። ኩላሊቷ በእኔ መዘግየት ምን ያህል እንደተጎዳ ግን ገና ሐሙስ ነው የሚነግሩን። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከሆስፒታል ይመስለኛል። ቀድሜ ብፈርም ኖሮ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ አንቺን አስቀየምኩ ይሆን እላለሁ። ይቅር በዪኝ፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።

ትናንት ሐያት፣ እማዬ ቱቦውን ስታደርግልኝ ትፈራ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እስካሁን ደፋር ነበረች እያልኩ ነው ያሳደግኳት። ትናንት ግን እውነቱን ነገርኳት፤ መጀመሪያ ሰሞን እጅሽ እየተንቀጠቀጠ፣ እንዳይታወቅብሽ ሁለቴ ሦስቴ ትታጠቢ እንደነበር። «የእኔም ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። ከዚያ ተጠግታኝ ተቀመጠች።

ስለዚህ ዘይነብዬ፣ ፍርሃትሽን አልረሳውም። ከልጃችንም አልደብቀውም።

ባልሽ