ከብስክሌቱ መቀመጫ ስር የተገኘ ደብተር

ጥቅምት 12 ቀን፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህን ብርድ ሲነካው አሁንም ያምህ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኛ ደህና ነን። ልጃችን አድራሻህን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ስፌት መኪናዬ ላይ ካስቀመጠችልኝ ሁለት ወር ሆናት፤ እኔ ነኝ እንዳላየ የሆንኩት።

አትሳቅብኝ እንጂ ብስክሌትህን እየነዳሁ ነው። ልሸጠው ብዬ ስወለውለው ከመቀመጫው ስር ካለችው ትንሽ ቦርሳ ደብተርህ ወጣ። እንደምታውቀው ማንበብ የተማርኩት የልብስ ልክ በማወጣበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ግማሹ ዓረፍተ ነገር ከኮሌታው ጋር ተቆርጦ ስለሚሄድ የቀረውን መገመት ለምጃለሁ። ያንተ ደብተር ግን ግምት አላስፈለገውም። «እሁድ። ሸምበቆው ዳር። አንገቱ ነጭ የሆነ ወፍ፣ ሁለት።» የስድስት ዓመት እሁድ እንዲሁ ተጽፏል። የሴት ስም ፈልጌ አጣሁ።

ያኔ «ትልቅ ሰው ወፍ ለማየት ብሎ ብስክሌት አይነዳም፤ ንገረኝ፣ ማን ናት?» ያልኩህን አልረሳሁትም። የሱሪህን ጫፍ ባጠብኩ ቁጥር የማን ደጃፍ ጭቃ ይሆን እል ነበር። አሁን የኔም ቀሚስ ያንኑ ጭቃ ይዞ ይገባል። በሳሙና እንኳ ቶሎ አይለቅም።

መንዳቱን ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የምለማመድበት ሜዳ አጠገብ ያለው የፋብሪካ ዘበኛ ስወድቅ እያየ፣

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት የሚነዱት ወይስ እሱ ነው የሚነዳዎት?» አለኝ።

«ተራ በተራ ነው» አልኩት።

ደብተርህ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ቢጫው ወፍ ሠርቶ የጨረሰውን ጎጆ በገዛ አፉ አፈረሰው። ለምን?» ከዚያ ወዲያ ገጹ ባዶ ነው። ከቤት የወጣህበት ሳምንት ነው።

ነገሩ ከነከነኝ። አራት እሁድ ብስክሌቱን ዛፍ አስደግፌ ሸምበቆው ዳር ተቀመጥኩ። ምክንያቱ ሴቷ ናት። መጥታ ትገባለች፤ ስፌት እንደሚፈትሽ ሰው ሣሩን በአፏ ጎተት ጎተት ታደርጋለች፤ ካልጣማት ትሄዳለች። እሱም ያፈርሰዋል። እኔ ያየኋት ግን በቅጡ እንኳ ሳትፈትሸው ነው የሄደችው። ጎጆው እንከን አልነበረውም። ስፌት አውቃለሁ።

ያልገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ትኩስ ሣር ያመጣና እዚያው ቅርንጫፍ ላይ እንደገና ይጀምራል። ስንት ቅርንጫፍ እያለ ለምን እዚያው? አንተ የምታውቀው ከሆነ ጻፍልኝ።

የፊት ፍሬኑ ሲያዝ ይጮሃል፤ ምን እንደማደርገው አላውቅም። ካቴናውን ዘይት ቀብቼዋለሁ። ለኋላ መቀመጫውም ትራስ ሰፍቼለታለሁ። መሪውን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ፣ ትራሱ ለኔ አይደለም።

መንገድህን ደልዳላ፣ ነፋሱን ከኋላህ ያድርግልህ።

የልጅህ እናት