በቀይዋ መኪና ውስጥ የተገኘው ጨርቅ፦ የአቶ አጵሎስ አይዛ የሕይወት ታሪክ

አቶ አጵሎስ አይዛ ከአባታቸው ከአቶ አይዛ ጋጋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሻሺቱ ማዳ በጋሞ ደጋ፣ በገረሴ አካባቢ፣ በ1935 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ወሩን ሲጠየቁ “ጭጋጉ ደጃችን ላይ ቆሞ የከረመ ጊዜ” ይሉ ስለነበር ቤተሰቡ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለውም።

አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። አቶ አጵሎስም በልጅነታቸው ድር ሲበጠስ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ዳብሰው ጫፉን ማግኘት ተማሩ። በአቅራቢያቸው በነበረ የሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1956 ዓ.ም. ወደ አርባ ምንጭ ወርደው በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተቀጠሩ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያን የቀሰሙት እዚያ ነው። ኋላም በታችኛው የከተማው ክፍል፣ ሲቀላ ውስጥ፣ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ።

አሠራራቸው ከሌላው የተለየ ነበር። የታመመ መኪና ሲመጣላቸው ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ባለቤቱን “መጨረሻ ላይ የጨመርክበት ምንድን ነው?” ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ጋቢና ገብተው፣ በሩን ወደ አባያ ሐይቅ ከፍተው፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አላፊ አግዳሚው ተኝተዋል ይል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴም ይተኙ ነበር። ሽቦዎቹ ከሐይቁ ላይ እንደሚነሣ ጉም ቀስ ብለው በሐሳባቸው ይዘረጋሉ፤ ሲነቁም እጃቸው በቀጥታ ወደ ተበላሸው ቦታ ይሄዳል።

በ1962 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘሪቱ ዶልቃ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ናትናኤልን፣ ኢያኤልን እና ዕድላዊትን አፍርተዋል። ወይዘሮ ዘሪቱ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባለቤታቸውን ለምሳ ቀስቅሰዋል።

ሕይወታቸው ከአቶ ፈቃደ ወልደየሱስ ተለይቶ አይነገርም። አቶ ፈቃደ የላይኛው ከተማ የሴቻ ሰው፣ የጭነት መኪና ባለቤትና ሾፌር ነበሩ። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ አንዱ ያለ ሌላው ምሳ አይበላም ነበር። በ1976 ዓ.ም. አቶ ፈቃደ የካምባን መንገድ ጭጋግ የሚያሳልፍ ተጨማሪ መብራት እንዲገጠምላቸው ጠየቁ፤ አቶ አጵሎስም ገጠሙላቸው። በሦስተኛው ሳምንት መኪናው መንገድ ላይ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ የቤተሰቡ እንጀራ ግን አብሮ ነደደ።

ነገሩ ለሽማግሌዎች ቀረበ። አቶ አጵሎስ ዱቡሻ ላይ፣ ጋሞ ጉዳዩን በሚጨርስበት በዚያ መስክ፣ የእውነትና የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው “እጄ ንጹሕ ነው” አሉ። ከልባቸው ነበር። አቶ ፈቃደም ሣሩን አክብረው ክሱን ተዉ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አላናገሯቸውም። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ካለ ሌላው የሚቀጥለውን ይጠብቅ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ።

በሚያዝያ 1987 ዓ.ም. የአቶ ፈቃደ ልጅ ሳምሶን ሊያገባ ከአዲስ አበባ ባለሁለት በር ቀይ የስፖርት መኪና እየነዳ መጣ። መኪናዋ ያማረች ነበረች፤ ፋብሪካው ያልሰጣት ነገር ሁሉ ግን አዲስ አበባ ላይ ተጨምሮላት ነበር፦ ቴፕ፣ የጭጋግ መብራት፣ ዜማ ያለው ክላክስ። ጠዋት ጠዋት ባትሪዋ ሞቶ ይገኛል። ዝናብ ሲነካት ክላክሱ ማንም ሳይነካው ያንጎራጉራል፤ የሰፈሩ አህዮችም ይመልሱላታል። ሦስት ባለሙያዎች ባትሪ ቀይረው ተስፋ ቆረጡ። ሰርጉ አራት ቀን ቀረው፤ ሙሽሪት መኪና ልትገፋ ነው ተብሎም ተሳቀ።

አቶ ፈቃደ “ከአጵሎስ ጋራዥ እንዳትደርስ” ብለው ነበር። ሳምሶን ግን ደረሰ። አቶ አጵሎስ ፈሩ። የዚያን ቤት መኪና ዳግመኛ ነክተው ቢቃጠልስ? ወይዘሮ ዘሪቱ ናቸው “የናትናኤል አባት፣ ልጁ ምን አጠፋ? እይለት እንጂ” ያሏቸው።

ሁለት ቀን ሠሩ። የባትሪውን የመሬት ሽቦ ፈትተው በመካከሉ ትንሽ አምፖል አገቡ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ አምፖሏ ፈዘዝ ብላ በራች፤ ኤሌክትሪኩ በማይታይ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። የተጨመረውን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀሉ። ቴፑ ተነቀለ፤ አምፖሏ አልጠፋችም። መብራቱ ተነቀለ፤ አልጠፋችም። የክላክሱን ሽቦ ከባትሪው ሲያላቅቁ ዓይኗን ጨፈነች። ሽቦው ያለ ፊውዝ ከባትሪው በቀጥታ ተስቦ፣ ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ቆርቆሮ ቀዳዳ ያልፋል። ቀዳዳው የጎማ መከለያ አልነበረውም፤ የገጠመው ሰው ሽቦውን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎት ሄዷል። ቆርቆሮው ሽቦውን ልጦታል፣ ጨርቁ እርጥበት ጠጥቷል፣ ጫፉም ጠቁሯል።

አቶ አጵሎስ ጨርቁን ይዘው ጋቢናው ውስጥ ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። በዚያ ቀን ግን አልተኙም። በ1976 ዓ.ም. የሽቦ መጠቅለያው ናስትሮ ከከተማው ጠፍቶ ነበር፤ እሳቸውም የአቶ ፈቃደን ሽቦ በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ሲያሳልፉ አባታቸው በሸመኑት የጋቢ ቁራጭ ጠቅልለውት ነበር። የአባታቸው እጅ ያለበት ነገር ጉዳት ያመጣል ብለው አላሰቡም፤ እንዲያውም ይጠብቃል ብለው ነው። ስለዚህ እንደ ስሕተት ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

ማንም አላያቸውም። ጨርቁን ጥለው፣ ጎማና ፊውዝ አግብተው መኪናዋን ቢያስረክቡ የሚጠይቃቸው አልነበረም። እሳቸው መኪናዋን አስተካክለው ለሳምሶን ሰጡ። ከዚያም ከጋራዡ ጀርባ እርጥብ ሣር ነቅለው፣ ጨርቁን በኪሳቸው ይዘው ወደ ሴቻ ወጡ። በአቶ ፈቃደ ደጅ ላይ ተንበርክከው፣ ጨርቁን አውጥተው እየሰጧቸው፣ “ፈቃደ፣ መኪናህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሽቦህን እንዲህ ባለ ጨርቅ ጠቅልዬው ነበር። ያኔ አላወቅሁም፤ ዛሬ አወቅሁ” አሏቸው።

አቶ ፈቃደ ጨርቁን አገላብጠው አዩት። “ተነሣ አጵሎስ” አሉ፤ “እኔ የተቀየምኩህ ስለ መኪናው አይደለም። አንድ ቀን መጥተህ ‘ምናልባት እኔ እሆናለሁ’ ትለኛለህ ብዬ ነው የጠበቅሁህ።” ሣሩንም ከእጃቸው ተቀበሉ። በሰርጉ ዕለት ክላክሱ በታዘዘ ጊዜ ብቻ ዘመረ፤ ሁለቱ ሰዎችም ከአንድ ትሪ በሉ።

አቶ አጵሎስ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 11 ቀን 1991 ዓ.ም. በ56 ዓመታቸው አርፈዋል። በመጨረሻዎቹ ወራት አቶ ፈቃደ በየቀኑ ከሴቻ እየወረዱ ሐይቁ በሚታይበት በረንዳ ላይ አብረዋቸው ይቀመጡ ነበር። ሁለቱም ይተኙ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ሲነበብላቸው አቶ ፈቃደ እስክሪብቶ ጠይቀው አንድ ቃል ሰርዘዋል። “ጓደኛቸው” ይል ነበር። እንደ እርማታቸው፣ አቶ አጵሎስ አይዛ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘሪቱ ዶልቃን፣ ልጆቻቸውን ናትናኤልን፣ ኢያኤልንና ዕድላዊትን፣ እንዲሁም ወንድማቸውን አቶ ፈቃደ ወልደየሱስን ትተው ተሰናብተዋል።

ጭጋግ የማይጋርደው ብርሃን ባለቤት እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍ። ለቀረነውም፣ የበደልነው ሰው በሕይወት ሳለ ደጁ የምንደርስበት ጉልበት ይስጠን። አሜን።