እንደ ልጃቸው ያሳደጓት

ሚኒሶታ፣ ኅዳር 2000 ዓ.ም.

ለእናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? የኅዳር ብርድ እንዴት አደረገሽ? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዌስት ሴንት ፖል የተከራየኋት ክፍል ጠባብ ናት፤ ግን ቁልፏ በእኔ እጅ ነው።

በስልክ ያልሽኝን ሰምቻለሁ። ሮማነወርቅ ክርስትና ያነሳችሽ እናትሽ ናት፣ ኮርት ቀርበሽ አትመስክሪባት፣ እሷም እህትሽን ቅድስትን ወስዳ ታስተምርልናለች አልሽኝ። እማዬ፣ ይሄን ስትዪ አንደበትሽ አልተያዘም? እኔንስ ላስተምራት ነው ብላ አይደል የወሰደችኝ? ኤደን ፕሬሪ ካለው ቤቷ ለዓመታት አበሰልኩ፣ አጠብኩ፣ ልጆቿን አሳደግሁ፤ የምተኛው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነበር። ፓስፖርቴን ቆልፋበት፣ ብትወጪ ፖሊስ ያስርሻል ትለኝ ነበር። ትምህርት ቤት በር የደረስኩት ልጆቿን ላደርስ ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «እንደ ልጄ ናት» ትላለች። የወለደቻቸው ግን ትራፊ ሲበሉ አላየሁም።

ጎረቤቷ ወርቂቱ በመኪናዋ ባታወጣኝ ዛሬም እዚያው ነበርኩ። አሁን ነርሲንግ ሆም፣ አዛውንት የሚጦሩበት ቤት፣ እሠራለሁ። ከሥራ ኦፍ በሆንኩ ቀን ከወርቂቱ ጋር የአገራችን ሰው ወደሚበዛበት ፊሊፕስ ሰፈር እንሄዳለን፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ እሷ መስጊድ ደጅ፣ «ቤታችሁ ያለችው ልጅ ፓስፖርቷ ማን ጋ ነው?» እያልን እንጠይቃለን። እስካሁን ጥቂት ልጆች አስወጥተናል። ሰዉ ግን ገመናችንን ለፈረንጅ አሳልፋ የሰጠች ይለኛል። ሰላምታ የነፈገኝም ብዙ ነው። ይንፈገኝ!

ከኮርቱ በፊት ሮማነወርቅ ሽማግሌ ላከችብኝ። አቶ ቦጋለ የሚባሉ የሰበካ ጉባኤ ሰው፣ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ወንበር ሰጠሁ፣ ሻይ አፈላሁ። እሺ ሳትይን አንቀመጥም፣ ውሃሽንም አንቀምስም አሉኝ። ደንብ ነው፤ ይሄ አይጠፋኝም።

«እንግዲያው ቁሙ አባቶቼ፤ እኔም እሷ ቤት ተቀምጬ በልቼ አላውቅም» አልኳቸው።

ቆመው ቆመው ሄዱ። ሻዩን ብቻዬን ጠጣሁት።

ሆዴን የቆረጠው ግን የእነሱ ነገር አይደለም፤ ያንቺ ነው። አንቺንም ለሮማነወርቅ እናት የሰጡሽ በልጅነትሽ ነው። እንደ ልጃችን አሳደግናት ይላሉ፤ አንቺም አብረሽ ትያለሽ። ሮማነወርቅን አዝለሽ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥለሽ ትምህርት ቤት ስታመላልሺ አንቺን ፊደል አላስቆጠሩሽም። ይኸው ጸጉርሽ ሸብቶ እዚያው ሰርቪስ ቤት ነሽ። ደሞዝ የሚባል እጅሽ ገብቶ አያውቅም። እኔም እዚያው ተወለድኩ፣ ቅድስትም እንዲሁ። ሮማነወርቅ እኔን ስትጠይቅ ሰጠሻት፤ አሁን ደግሞ ቅድስትን ስትጠይቅ ልትሰጫት ነው። እምቢ ማለትን ማን አስተምሮሽ! ይሄን እያሰብኩ አንቺን መጥላት አቃተኝ፤ ቢሆንልኝ ይቀለኝ ነበር።

ደብዳቤውን የምታነብልሽ ቅድስት መሆኗን አውቄ ነው የጻፍኩት። ቅድስትዬ፣ ብትቆጣሽም አንድ መስመር እንዳትዘዪ፤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

ማክሰኞ ኮርት ቀረብኩ። ሮማነወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ጠበቃዋ፣ ደንበኛዬ ከደግ ቤተሰብ የወጣች ናት፣ የድሃ ልጅ ማሳደግ ለእነሱ የቆየ ልማድ ነው አለ። እኔ የተበደልኩትን አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። በመጨረሻ አቃቤ ሕጓ፣ ከአንቺ በፊት በዚያ ቤተሰብ እጅ እንዲህ የኖረ ሌላ ሰው ታውቂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አስተርጓሚው ጥያቄውን ደገመልኝ። ሮማነወርቅ ቀና ብላ አየችኝና አንገቷን ደፋች። እሷም ታውቃለች።

«አዎ፣ እናቴ» አልኩ። ስምሽንም ከነአባትሽ አስመዘገብኩ።

አዋረድሽኝ ካልሽ ተቆጪኝ፤ እችለዋለሁ። ቅድስትን ግን አትስጪ። እመብርሃን ትጠብቅሽ፤ በሰላም ወጥተሽ በራስሽ ደጅ ለመቀመጥ ያብቃሽ።

የወለድሽኝ ልጅሽ