ለአባባ ያስተረጎምኩት መጨረሻ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12
ዛሬም ከሥራ ሺፍት እንደገባሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አባባ አጠገብ። የድሮው ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልም ሰዓት ነው፤ በየቀኑ አንድ ታሪክ። አባባ የዚህን አገር ቋንቋ ስለማይችሉ አስተርጓሚዋ እኔ። የዛሬው ዘበኛ አሠሪውን ገድሎ የገዳዩን ፍለጋ ራሱ መራ። መጨረሻ ላይ ፖሊሶቹ አመስግነው በራሳቸው መኪና ቤቱ አደረሱት። እኔ ግን ተያዘ አልኳቸው። ታዲያ ምን ያስቀዋል አሉ። ድንጋጤ ነው አልኩ። ማስታወሻዬ፣ ምን ልበል? ወንድሜን ዳዊትን እዚሁ ሰፈራችን ኤሪን ውድስ ውስጥ በመኪና ገጭቶ ገድሎ ያመለጠው ሰው እስካሁን አልተገኘም። ነፍሰ ገዳይ ሲያመልጥ እንዴት ላሳያቸው?

ሐሙስ፣ 15
የዳዊትን ጉዳይ የያዘው መርማሪ ፖሊስ ደወለ። አዲስ ነገር የለም። ፋይሉ አይዘጋም፣ ግን የሚሠራበትም ሰው የለም።  ጎንደር ደግሞ እማዬ ሆስፒታል ገብታለች፤ እህቴ አባባን ቶሎ ላኪያቸው እያለች ታለቅሳለች። ቲኬቱ ተቆርጧል። እሳቸው ወይ ፍንክች! የልጄ ገዳይ ሳይያዝ አልሄድም፣ እዚህ አገር ማንም አያመልጥም፣ በየቀኑ በየፊልሙ መጨረሻ አንቺው እየነገርሽኝ አሉ። 

ቅዳሜ፣ 17
ቆረጥኩ። ዛሬ እንዳለ አስተረጎምኩ፦ ሴትዮዋ ባሏን መርዛ ውርሱን ይዛ ጠፋች፣ ማንም አልደረሰባትም። አባባ ሳቁብኝ! ደክሞሻል፣ የዛሬው አልገባሽም፣ ሂጂ ተኚ አሉ። መርማሪው ያለውን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ስለ በረዶው ማውራት ጀመሩ። ተናደድኩ። በእሳቸው አይደለም፣ በራሴ።

ሰኞ፣ 19
እማዬ ሰው መለየት አቁማለች። በቃ፣ ዋሸሁ። የዳዊት ገዳይ ተይዟል፣ አሁን በሰላም ይሂዱ አልኳቸው። ተንበርክከው መሬት ሳሙ። ሻንጣቸውን ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ “ቲኬቱን ካንስል አድርጊው! ፍርዱን ሳልሰማ፣ ዓይኑን ሳላየው የት እሄዳለሁ?” አሉ። አባባን ከእማዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እኔው።

ማክሰኞ፣ 20፣ ጠዋት
ፖሊስ ጣቢያ ልወስዳቸው ነው። እውነቱን ከመርማሪው አፍ ይስሙ። ምንም አልነገርኳቸውም። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ገዳዩን ሊያዩ ሶፋው ላይ ይጠብቁኛል። ለመርማሪው ደውዬ ሌላ የአማርኛ አስተርጓሚ አስመጣ አልኩት። አንቺ እያለሽ ለምን አለ። የግድ ነው አልኩት። እኔ ከገባሁ እንደገና እዋሻለሁ።