ሦስቱ የካርድ ማንበቢያዎች

ለውድ እህቴ ለሰኪና፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ብዙ ስትቆሚ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? አብዱራሕማን ሥራው እንዴት ይዞታል? ትንሿ ልጃችሁ ራሕማ ትምህርት ቤት ገባች ሲሉ ሰማሁ፤ አማርኛዋን እንዳትረሳ አደራ፣ ኋላ ስትመጣ በአስተርጓሚ እንዳታናግረኝ። የዱባይ ሙቀትስ ቀነስ አለ? እዚህ የኅዳር ብርድ ገብቷል። ጠዋት ፎቶ ቤቱን ስከፍት ጣቶቼ ቁልፉን አልይዝ ይሉኛል። እኔም፣ ሀጀርም፣ ልጃችንም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኔን የያዘኝ ድካም ብቻ ነው፤ ተኝቼ ስነሣም አይለቀኝም።

ጥቅምት ላይ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ እንደደረሰሽ አውቃለሁ። መልስ ስላልጻፍሽልኝ ነው ያወቅኩት። ስትናደጂ ዝም እንደምትዪ እኔ ወንድምሽ ካልነገርኩሽ ማን ይነግርሻል። ባልሽ አብዱራሕማን ከሚሠራበት ሱቅ የማይረባ ዕቃ እየለቀመ ይልክልኛል፣ እናንተ እዚያ ተመችቷችሁ የኔ ሥራ ጨዋታ መሰላችሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሦስተኛው የካርድ ማንበቢያ በጎረቤታችን በነጋዴዋ እጅ ሲደርሰኝ ሣጥኑን ገልብጬ አራገፍኩት፤ ወረቀት የለበትም። ዕቃውን ብቻ ነው የላክሽው፤ እሱንም ከሁሉ የተሻለውን መርጠሽ። ያን ዕለት በጣም አፈርኩ። ግን ነገሩ ሳይለይ ምን ብዬ ልጻፍ? አሁን ለይቷል። ረዘም ይልብሻልና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አቶ ሆርዶፋን አታውቂያቸውም። ከገርጂ ወዲያ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የልጆቻቸውን ሠርግ በሙሉ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ፎቶ ቤቴ ድረስ በእግራቸው መጥተው፣ ቦታው ለግንባታ ስለተፈለገ ቤታቸው ከመስቀል በፊት እንደሚፈርስ ነገሩኝ። አርባ ስድስት ዓመት የኖሩበት ቤት ነው። ከሚስታቸው ከእማማ ደሪቱ ጋር በራፉ ላይ ቆመው ፎቶ መነሣት ፈለጉ። እማማ ደሪቱ በልጆቻቸው ሠርግ እንኳ ካሜራ ሲያዩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ የሚጥሉ ሴት ናቸው። ላለፉት ሃያ ዓመታት አንድም ፎቶ ላይ ፊታቸውን አግኝቼው አላውቅም። ለቤቱ ሲሉ ግን እሺ አሉ።

እናንተ የላካችሁልኝን ዲጂታል ካሜራ ይዤ ሄድኩ። የድሮዋም ካሜራ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፤ ፊልምም ነበራት። በእሷ አንድ ሁለት ጊዜ ደግሜ አንስቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ግን ጉራ ቢጤ ያዘኝ ሰኪና። ይሄኛው እንደ ፊልም አይቃጠልም፣ ማጠቢያ አይጠብቅም፣ ፎቶው እዚህች ካርድ ላይ ነው የሚቀመጠው እያልኩ አስረዳኋቸው። በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ራሳቸውን ሳሳያቸው አቶ ሆርዶፋ እንደ ልጅ ሳቁ። አሥራ ዘጠኝ ፎቶ አነሣሁ። ለሳምንት ብዬ ቀጠርኳቸው። መስከረም በገባ በአሥራ አምስተኛው ቀን ቤቱ ፈረሰ።

የማንበቢያውን ነገር አንቺ ገዝተሽ ትልኪዋለሽ እንጂ ሲሠራ አላየሽውምና ልንገርሽ። ካርዱን ከካሜራው አውጥተሽ እሱ ላይ ትሰኪዋለሽ፤ እሱ ደግሞ ፎቶውን ለኮምፒውተሩ ያስረክባል። ኮምፒውተሩ የኔ አይደለም። ከጎኔ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የምትሠራ ብርኽቲ የምትባል ሴት አለች፤ የሷ ነው። እሷ ማንበቢያውን ሪደር ነው የምትለው። የመጀመሪያው ሪደር ፍሎፒ ዲስክ ይመስላል፣ በሆዱ ባትሪ ያስገቡለታል። በደህና ቀን ያነባል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያነበበውን ካርድ መልሶ አላውቀውም ይላል። የአቶ ሆርዶፋን ካርድ ጨርሶ እምቢ አለኝ። ወደ ካሜራው ስመልሰውም ካሜራው የስህተት ምልክት ብቻ አበራልኝ። ሪደሩ ነው ያበላሸው አልኩና ሌላ ላኪልኝ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ሁለተኛው በፕሪንተሩ ገመድ ቦታ የሚሰካው ነበር። እሱን ለመሰካት የብርኽቲ ፕሪንተር መነቀል አለበት፤ ደንበኞቿ ወረቀታቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ፣ እሷ ግን አንድ ቀንም ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ያም አላነበበም። አንድ ቀን እንዲያውም ኮምፒውተሩ ካርዱ ባዶ ነው፣ እንደ አዲስ ላሰናዳው ወይ የሚል ጥያቄ አወጣ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ ዝሎ ነበር፤ ዝም ብለሽ አዎ በዪው አልኳት። ብርኽቲ እጇን ከማውዙ ላይ አነሣችና፣ «ጋሽ ኻሊድ፣ አዎ ካልን በኋላ ለእማማ ደሪቱ ምን ልንላቸው ነው?» አለችኝ። ያን ዕለት እሷ ባትኖር ኖሮ በገዛ አፌ አጥፍቼው ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ነው ያንን ክፉ ደብዳቤ የጻፍኩልሽ።

እማማ ደሪቱ በየወሩ በሃያ ሰባት ቦሌ መድኃኔዓለምን ተሳልመው ሲመለሱ ወደኔ ጎራ ይላሉ። መስከረምም መጡ፣ ጥቅምትም መጡ። አግዳሚዋ ላይ ያርፉና፣ ገና ነው? ይሉኛል። ገና ነው እላቸዋለሁ። ሌላ ቃል አይጨምሩም፤ ውሃ ጠጥተው ይሄዳሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስተኛው ሪደር መጥቶ እሱም አላነብም ሲል ግን ልቤ ተጠራጠረ። ሦስት ዕቃ ተማክሮ በኔ ላይ አያምፅም። አንድ የማላየው ነገር አለ አልኩ፤ ግን ምን እንደሆነ አላወቅኩም።

አሁን የምነግርሽን ሰምተሽ ሳቂብኝ፣ ተፈቅዶልሻል። ደሴ ሳለን ሥራውን ያስተማረኝ ሰው ፊልምን ምን ያህል ከሙቀት ይጠብቅ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እኔም ይኸው ሃያ አራት ዓመት ፊልሜን በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ካርዱ ሲመጣ እሱንም እዚያው ከፊልሙ ጎን አስቀመጥኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ ፎቶ ያለበት ነገር ሁሉ ፍሪጅ ነው የሚገባው ብዬ ነው። ፊልሙን እንኳ ከፍሪጅ ሳወጣው ብርዱ እስኪለቀው ግማሽ ቀን አቆየዋለሁ፣ አለዚያ ላብ ያወጣና ይበላሻል። ይህን ማንም የፎቶ ሰው ያውቃል። ለካርዱ ግን ምን ላብ አለው ብዬ ከፍሪጅ አውጥቼ በሩጫ ወደ ብርኽቲ ዘንድ እወስደዋለሁ፣ አላነብም ሲል ደግሞ እንዳይብስበት ብዬ በሩጫ ወደ ፍሪጁ እመልሰዋለሁ። ሦስት ወር እንዲህ ሳመላልሰው ከረምኩ።

ባለፈው ሐሙስ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለና እስከ ቅዳሜ መብራት አልነበረም። ፍሪጁ ማንጠባጠብ ሲጀምር ሀጀር መጥታ በውስጡ ያለውን ሁሉ አወጣች፤ ካርዶቹንም በጨርቅ ጠርጋ መደርደሪያው ላይ ደረደረቻቸው። ቅዳሜ ከሰዓት መብራት እንደመጣ ብርኽቲ እስቲ አንዴ እንሞክር አለችኝ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ስለነበር በእጄ የገባውን ሪደር አነሣሁ፤ የመጀመሪያው ነበር፣ ያ ፍሎፒ የሚመስለው፣ ቆሻሻ ነው ብዬ የሰደብኩት። ከተትነው። ትንሽ ካጉረመረመ በኋላ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር። ብርኽቲ ዞር ብላ፣ ካርዱን እስከዛሬ የት ነበር የሚያስቀምጡት? ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሌላ ካርድ ፍሪጅ ውስጥ አስገብተን ቆይተን ስናወጣው ሪደሩ በሚያነብበት ወርቃማ ፊቱ ላይ እርጥበት እንደ ጉም ለበሰበት። ከዚያ እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ሁሉም ግን አልዳነም። እርጥበቱ ነው፣ ወይም ደግሞ የሪደሩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ እኔ ትዕግሥት አጥቼ ካርዱን የመነጨቅኩት ነው፤ ከአሥራ ዘጠኙ ብዙዎቹ ጭረት ብቻ ሆነው ቀሩ። ፊታቸው በደንብ የሚታይባት አንዷ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን የላይኛው ግማሽ ነው ያላት። የሣሩ ክዳን፣ በሩ፣ የሁለቱም ፊት ጥርት ብሎ ይታያል፤ እማማ ደሪቱ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ወደኔ ያያሉ። ከጉልበታቸው በታች ያለው ግን እግሩም ግቢውም የለም፤ ሙልጭ ያለ ግራጫ ነው። ብርኽቲ እንዲሁ አተመችልኝ።

ትናንት ሃያ ሰባት ነበር። መጡ፤ አግዳሚዋ ላይ አረፉ። ገና ነው? ሳይሉኝ በፊት ፎቶውን ሰጠኋቸው። እያየሁ መቆም ስላቃተኝ መለፍለፍ ጀመርኩ፤ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ካርዱን ያረጠብኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ከታች ያለው መሬት እንደጠፋብኝ ነገርኳቸው። ፎቶውን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ። በሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «መሬቱንማ አስቀድመው ወስደውታል፤ አንተ አይደለህም ያጠፋኸው» አሉኝ። ለሆርዶፋም ሌላ አንድ ስጠኝ ብለው በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዱት።

እና ለአብዱራሕማን ይቅርታዬን አድርሺልኝ። ሦስቱም ደህና ዕቃዎች ነበሩ። የሱቁ ደንበኞች የትኛው ይሻላል ብለው ሲጠይቁት የኔን ምስክርነት ይንገራቸው፤ ካርዱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ሥራ ላይ መሆኑን በመብራት የሚያሳይ፣ ገመዱ ወፈር ያለ፣ በኮምፒውተሩ ጀርባ በትንሿ ቀዳዳ የሚሰካውን ሦስተኛውን ዓይነት ይስጣቸው። ከደረቀ ካርድ ጋር ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ጊዜም አላሳፈረኝም። ሌላ አትላኪልኝ። ለአንቺ ግን ይቅርታ የሚለው ቃል አነሰብኝ። እናንተ ከልፋታችሁ ቀንሳችሁ ትልካላችሁ፣ እኔ ሃያ አራት ዓመት በማውቀው ሥራ ተሳስቼ እናንተን እሰድባለሁ።

ያችን ፎቶ እማማ ደሪቱን አስፈቅጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሻለሁ። ከታች ያለውን ግራጫ አትመልከቺው ልልሽ ነበር፤ ተውኩት፣ ተመልከቺው፤ ከዚያ ውስጥ የኔም ድርሻ አለበት። ባዶውን የሦስተኛውን ሣጥን አልጣልኩትም፤ መደርደሪያው ላይ ነው ያለው። በሚመጣ ሰው እጅ ሁለት መስመር ብትልኪልኝ እዚያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ጨረቃ ከታየች ነገ ጾም ነው፤ ረመዳኑን የሰላም ያድርግልን፣ በዱዓሽ አትርሺኝ። አብዱራሕማንን ወንድምህ አፍሯል ብለሽ ሰላም በዪልኝ። ራሕማን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። የአብዱራሕማንን እናት እጅ ነስቻለሁ በዪልኝ። ሀጀር ናፍቆቷ ይድረስሽ ብላለች። ልጃችን ኢምራን አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው እያለ ነው። ብርኽቲም ባታውቂያትም ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ ኻሊድ
ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 28 ቀን 1992 ዓ.ም.