የአባታችን ጠፍርና የመንግሥት ጠፈር

ለምናፍቅህና ስልክ ላይ ድምፅህ ለሚቆራረጥብኝ ወንድሜ ለከማሉ ከድሮ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ሥራህስ? ያ ጉንፋንህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ካንተ ጋር ተከራይቶ ይኖራል? ጆሃንስበርግም ክረምት ነው ይላሉ፤ ዝናብ የሌለው ክረምት ምን ዓይነት እንደሆነ አላህ ይወቀው፣ ብቻ ካፖርትህን አትርሳ። እኛ አልሐምዱሊላህ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እናታችን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ምላሷ ግን ደህና ነው። አባታችንም ደህና ነው። ይህን ሁሉ ወረቀት ያስፈጀኝም እሱ ነው።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። «ሃሎ፣ ይሰማል?» ስንባባል ካርዱ አለቀና አንተ የሰማኸው «አባባ» እና «ሮኬት» የሚሉትን ብቻ ሆነ። እንቅልፍ አጣሁ ብለህ መላክህን ነግረውኛል። ሮኬት አልመታውም፤ ተረጋጋ። ካንተ ዘንድ የመጣው ሙስተፋ ወደዚያ ስለሚመለስ ይህን ደብዳቤ በእጁ ልኬልሃለሁ። ደግሞ ለአረፋ «እመጣለሁ፣ ሱቁን የሚጠብቅልኝ ካጣሁ ግን አልመጣም» እያልክ እንደምታመነታ ደርሶኛል፤ ነገሩ አንተንም ስለሚነካ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የጀመረው ግንቦት ላይ ነው። ቀበሌው «የንግድ የጠፈር ወደብ ለማልማት መንግሥት በሚያደርገው ድጋፍ ላይ ውይይት ስላለ ማንም እንዳይቀር» ብሎ በድምፅ ማጉያ አስለፈፈ። አንተ የተማርክ ነህ፣ ጠፈር ማለት ከደመና በላይ ያለው እንደሆነ ታውቃለህ። አባታችን ግን ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ሲነክር፣ ሲተለትልና አልጋ ሲጠፍር የኖረ ሰው ነው፤ የመንደራችን አማርኛ ደግሞ ጠፈርንና ጠፍርን የሚለይበት ትዕግሥት የለውም። «መንግሥት ለጠፍር ድጋፍ ሊያደርግ ነው» ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። የስፖንጅ ፍራሽ ከመጣ ወዲህ የጠፍር አልጋ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱን ታውቃለህ። ወደብ የተባለውንም ራሱ ፈታው። «ሞጆ ደረቅ ወደብ አለ አይደል? ቆዳ ካልደረቀ አይጫንም። ይኼኛው የኛ ነው» አለ። የአልጋውን እንጨት የሚሠራለትን ጎረቤታችንን አናጢ ገዛኸኝን ከሥራው አስነስቶ፣ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ሄደ። እኔም ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው።

ከአዲስ አበባ የመጣው አቤኔዘር የሚባል ወጣት መሐንዲስ ጨዋ ልጅ ነው፣ የሚናገረውም ያምራል። በጠፈር ጉዳይ ኋላ ቀርተን እንደቆየን፣ ሀብታሞቹ አገሮች እየተሻሙበት እንደሆነ፣ መንግሥት ግን አሁን ዘርፉን ለመደገፍ ቆርጦ እንደተነሣ አስረዳ። አባታችን በየቃሉ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ እጁን አውጥቶ «ስፋቱን ስንት ጣት አድርጋችሁ አሰባችሁት?» ብሎ ጠየቀ። መሐንዲሱ ፈገግ ብሎ ጠፈር በጣት ቀርቶ በምንም እንደማይለካ፣ ማለቂያም እንደሌለው መለሰለት። አባታችን ወደ ገዛኸኝ ዞሮ «ማለቂያ የሌለው ጠፍር! ከምን ዓይነት በሬ ቢገፈፍ ነው?» ሲል እኔ ሰምቻለሁ። አላስቻለውም፣ እንደገና ተነሥቶ «ውሃውስ ነገር? ያለ ውሃ እኮ አይሆንም» አለ። መሐንዲሱ ደስ አለው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ውሃ መኖር አለመኖሩን ሊቃውንት ገና እያጠኑት ነው አለ። አባታችን ተቀመጠና «ሳይነክሩ ሊጠፍሩ ነው እንዴ፣ እኛ እናሳያቸዋለን» ብሎ አጉረመረመ።

ድጋፍ ይሰጥ ሲባል ሁለት እጁን አነሣ። እሱ ካነሣ ማን ይቀራል? መንደሩ በሙሉ አነሣ። እኔም አነሣሁ፤ ሳቄን በነጠላዬ እየደበቅኩ ነው ያነሣሁት፣ የዚያን ቀን ሳቅ በኋላ ጉድ እንደሚያመጣ መች አውቄ።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ መኪና መጥቶ ጀፎረያችን ላይ፣ በየደጃችን ፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ ቆመ። ሰዎች ወርደው ከላይ እስከ ታች ለኩና ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ይተክሉ ጀመር። ካርታቸው ላይ ሲያዩት የተተወ የአውሮፕላን ማረፊያ መስሏቸው ኖሯል! ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ለጥ ያለ፣ አንድ ዛፍ የማይታይበት፣ ግራና ቀኙን ቤት የተሰለፈበት። አያቶቻችን ለክተው፣ ማንም እንዳያርሰውና እንዳያጥረው ተማምለው ያቆዩትን የደጃችንን ሣር «ተፈጥሮ ያዘጋጀችው ሜዳ» አሉት። ከችካሎቹ አንዱ ያረፈው የት ቢሆን ጥሩ ነው? አንተ ቤት ልሠራበት ያልከው ቦታ ደጃፍ ላይ።

ያኔ ገዛኸኝ ጨነቀው። በቴሌቪዥን አይቶ ኖሮ፣ አባታችንን ወደ ጓሮ ወስዶ ጠፈር ማለት ምን እንደሆነ እያፈረ ነገረው። የሚወነጨፈው ነገር እሳት እንደሚተፋ፣ ሰው አጠገቡ እንደማይኖር ጭምር። አባታችን ወደ ሰማይ ቀና አለ። «ታዲያ እኔ እጄን ያነሣሁት ለዚህ ነው?» አለ። የዚያን ቀን እህል አልቀመሰም። እኔንም ሳቁ ለቀቀኝ፤ ወንድሜ፣ በጣም ከፋኝ። እናታችን ብቻ «አልጋ ልሸጥ ብሎ መንገድ ሸጠ» እያለች ትዞራለች።

ሄደህ ተሳስቻለሁ በል ብንለው እምቢ አለ። ሽማግሌ በአደባባይ ያነሣውን እጅ በጓሮ አያወርድም አለ። ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ መሐንዲሱንም አስጠርቶ እዚያው ጀፎረው ላይ ተቀመጡ። አንድም ሰው እምቢ አላለም። ጀፎረ እንግዳ አይመልስምና ሮኬቱ ይለፍ፣ ግን እንደ ማንኛውም አላፊ ሥርዓቱን ጠብቆ ይለፍ ነው ያሉት። ለቅሶ ከተቀመጥን እስኪነሣ ይቆይ። ሠርግ ካለ ሙሽራዋ ትቅደም። ማታ ማታ ከብቶቹ እስኪገቡ ይታገሥ፤ ጥጆች ስለሚደነግጡ ጩኸቱንም ይቀንስ። መሐንዲሱ ከልቡ እያዳመጠ ሁሉንም ጻፈና «እንግዲያው ባዶ የሚሆነው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ቢቆጥሩ ባዶ ቀን አጡ። ለካስ ጀፎረያችን ባዶ ሆኖ አያውቅም! ገዛኸኝ «ጥያ ያሉት ትክል ድንጋዮች ቀድመው ተሰልፈዋል፣ እዚያ ብትሞክሩስ?» ሲል መሐንዲሱ ራሱ ሳቀ።

አባታችን ግን አልሳቀም። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ወደብ ብላችሁታል። በዚህ ወደብ የሄደ ሰው ይመለስበታል?» አለው። መሐንዲሱ ሰው እንደማይሄድበት፣ የሚሄደው ዕቃ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም እዚያው እንደሚቀር አስረዳው። አባታችን «ሰው የማያመጣ ወደብ ምን ያደርግልኛል? የኔ ልጅ በባሕርም ሄደ በሰማይ፣ ሲመጣ ቤቴ የሚገባው በዚህ ሣር ነው» አለና በከዘራው ያንተን ደጃፍ አሳየው። መሐንዲሱ ብዕሩን ኪሱ ከተተ።

በዚህ መካከል ዝናቡ መጣ፤ የኛን ዝናብ ታውቀዋለህ። ወንዙ ሞላ፣ መኪናቸው ጭቃ ዋጠው፣ መሐንዲሱ እኛ ቤት አደረ። የት ይተኛ? ያለው ያንተ አልጋ ነው። እናታችን «የከማሉን አልጋ ማንም አይነካውም» ብላ አኩርፋ ነበር፣ አባታችን ግን አነጠፈለት። ይኸውልህ፣ መንግሥት ጠፍርን ይደግፋል ተብሎ ተሰብስበን፣ በመጨረሻ ጠፍሩ የመንግሥትን ሰው ደግፎ አደረ!

ልጁ ጠዋት ሲነሣ ወገቡን ሁሉ እንደፈወሰው ተናግሮ አንድ እንዲሠራለት አዘዘ። ችካሎቹንም አስነቀለ፤ ሌላ ቦታ እንደሚያጠኑ ለአለቆቹ እንደሚጽፍ ነገረን። አንዱን ረስተውታል፤ ጥጃችንን እያሰርንበት ነው። ከመንግሥት ድጋፍ እስካሁን የደረሰን እሱ ነው።

ልጁ ሲሰናበት ግን አልጋው ሌሊቱን ሲንጣጣ እንደነበር በትሕትና ጠቆመ። አባታችን ምንጣፉን ገልጦ ሲያየው ጠፍሩ ደርቆ፣ መሃል ለመሃል ተሰነጣጥቋል። ጠፍር ሰው ካልተኛበት እንደሚደርቅ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ግን አንተ ከሄድክ ጀምሮ ምንጣፉን ገልጦት አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ቆዳ ነከረ። እጁ እንደ ድሮው አይደለም፤ ገዛኸኝ ልሳብልህ ቢለው ከለከለው፤ ብቻውን እንደ አዲስ ጠፈረው። ለአረፋ ልክ ይደርሳል ብሏል። ከአረፋ በኋላስ ብዬ አልጠየቅኩትም።

እናታችን ዘይባ በዱዓዋ አልረሳችህም፣ ካፖርቱን ይልበስ ብላለች። ልጄ ሩፋይዳ ሮኬቱ በመቅረቱ አኩርፋለች፣ አጎቴ ሲመጣ አንድ ያምጣልኝ ትላለች። ገዛኸኝና ባለቤቱ አበበች ሰላም በዪልን ብለዋል፣ ገዛኸኝ የአልጋህን እግር አጥብቆልሃል። አባባ ግን ሰላምታ አልላከም። ሰላምታዬን አልጋው ላይ ሲቀመጥ በእጁ ይቀበለኛል ነው ያለው።

እህትህ ሰልሚያ ከድሮ
ቡታጅራ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2006 ዓ.ም.