ማኅተሙ የበላው መተላለፊያ

ለክቡር የከተማችን የቦታና የመዛግብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠነከረ፣ ዕረፍትዎም እንደ ማመልከቻዬ ማንም የማይነካው ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት ከጠየቁ፣ አራት ፎቅ እየወጣሁ እየወረድሁ ጉልበቴ ጠንክሯል፤ የላላው ሌላው ነገሬ ነው።

እኔ ከገበያው ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል የጎማ ማኅተም እየቀረጽሁ የምኖር ሰው ነኝ። ሠፈርተኛው «ጋሽ ማኅተም» ይለኛል። ክቡርነትዎ መልኬን ባያውቁትም የእጄን ሥራ ግን በየቀኑ ያዩታል፤ የጽሕፈት ቤትዎን ክብ ማኅተም የቀረጽሁት እኔ ነኝና። የግዥ ሠራተኛዎ መካከለኛ መጠን ነበር ያዘዘው። እኔ ግን፣ አፌን በቆረጠው፣ የመንግሥት ማኅተም ከሩቅ ካልታየ ማን ይፈራዋል ብዬ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ የሚያህል አድርጌ ሠራሁት፤ ቀለሙም ደመቅ ይበል ብዬ መከርሁ። ምክሬ ተቀባይነት በማግኘቱ ሰሞኑን ሁሉ በሠፈሩ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ጉዳዬ አጭር ነው። ታላቅ እህቴ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ እግሯ ከታመመ ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የቤታችን የፊት በር ቁልቁል ደረጃ ስላለው፣ ወንበሯ የሚያልፈው በጓሮ ባለው መተላለፊያ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን የብሎኬት ነጋዴው ይህን መተላለፊያ የግሌ ነው ብሎ ግንብ አቆመበት፤ ብሎኬቱ ከመደብሩ ስለሆነ ብዙ አላሰበበትም። እህቴ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ርእሰ መምህሩም እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተመለሰች ቦታዋን ለምትኳ እንደሚሰጥ፣ እንደ እርስዎ ቢሮ ሁሉ በትሕትና አስታውቋታል። ደንብ አስከባሪዎቹ በበኩላቸው፣ መተላለፊያው የሕዝብ መሆኑን የሚያሳይ የፕላን ግልባጭ ከእርስዎ ዘንድ ካመጣሁ ግንቡን በዚያው ቀን እንደሚያፈርሱት ቃል ገቡልኝ። ስለዚህ ወደ እርስዎ መጣሁ፤ ምስጋናዬንም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ «ማንኛውም ነዋሪ የሕዝብ መዛግብትን የማየት መብት አለው» የሚለውን ማስታወቂያ በደጃፍዎ ስለ ሰቀሉልን አመሰግናለሁ። ሞኝ አይሙት እንዲያጫውት እንዲሉ፣ እኔ አምኜው ገባሁ። የመስኮቷ ሠራተኛ ማስታወቂያውን አንብቤ መምጣቴን ስነግራት ባልደረቦቿን ጠርታ አሳየቻቸው። ሁሉም በፈገግታ ተቀብለውኛል፤ ለመስተንግዶው ቅሬታ የለኝም።

ሁለተኛ፣ ፋይሉን ለማውጣት የፋይሉ ቁጥር እንደሚያስፈልግ፣ ቁጥሩም ፋይሉ ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ በትዕግሥት ያስረዱኝን የመዝገብ ቤት ባለሙያ አመሰግናለሁ። ማብራሪያው እጅግ ምክንያታዊ ስለ መሰለኝ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እያልሁ ወርጄ፣ ምን እንደተባልሁ የገባኝ አስፋልቱን ከተሻገርሁ በኋላ ነው። ደግነቱ ቁጥሩ ከአሮጌ የቦታ ግብር ደረሰኛችን ላይ ተገኘ።

ሦስተኛ፣ እውነቱን ለመናገር ይህኛው ምስጋና የሚገባው ለራሴ ነው። ግልባጩ ተሰጠኝ። ነገር ግን የጽሕፈት ቤትዎ ልማድ ማኅተሙን ከወረቀቱ መሃል ማሳረፍ ነው፤ ጠርዝ ላይ ከተመታ አጭበርባሪ ቆርጦ ሌላ ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል ተብሎ ይፈራል። የእኛ መተላለፊያ ደግሞ፣ ዕድላችን ሆኖ፣ የሚገኘው ከፕላኑ መሃል ነው። ደንብ አስከባሪው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ ገልብጦም አይቶ፣ በመተላለፊያው ቦታ ከማኅተም በቀር የሚታይ ነገር እንደሌለ ነገረኝ። እኔ ምን እንዳሰብሁ ላጫውትዎ? ፊደሎቹ እንዴት ጥርት ብለው እንደወጡ ነበር የማደንቀው! በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት። ጎረቤቴ ግንቡን ለማቆም አንድ ሠራተኛ ቀጥሮ ነበር፤ እኔ ሥራውን ያለ ክፍያ ፈጸምሁለት።

አራተኛ፣ ሁለተኛ ግልባጭ ስጠይቅ፣ ድጋሚ የሚሰጠው ለባለቤቱ ብቻ ነው ተብሎ፣ ቤቱ በእህቴ ስም ስለሆነ ባለጉዳይዋ በአካል እንድትቀርብ ታዘዘ። ውክልና እንድትሰጠኝም እዚያው አራተኛ ፎቅ በአካል መገኘት አለባት። ሊፍትዎ የፋይል ማከማቻ ሆኗል። እንግዲህ እህቴ እንድትወጣ መተላለፊያው መከፈት አለበት፤ መተላለፊያው እንዲከፈት ደግሞ እህቴ መውጣት አለባት። እንዲህ ያለውን እንቆቅልሽ ክፍሏ ውስጥ ለተማሪዎች ብትሰጥ ወላጅ ይከሳት ነበር።

ይህን ስነግራት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲሰማ ግን አሁንም ለባብሳ መስኮቱ ዘንድ ትቀመጣለች፤ ያን ጊዜ ሁለታችንም አንስቅም። ያሳፍረኛል፤ ያናድደኛልም።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ ከርካሹ ጊዜዬ ጋር አብሬ ስላባከንሁ ይቅርታ እየለመንሁ፣ መብቴን በነፃ ስላስነበቡኝ ወሰን የሌለው ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ትልቁን ማኅተም የቀረጸው ትንሽ ሰው፣
የክቡርነትዎ ታማኝ ደንበኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በትእዛዝዎ መሠረት ባለጉዳይዋ ሰኞ ጠዋት በአካል ትቀርባለች። «በየቀኑ እንደ ጆንያ እየተሸከሙኝ ተማሪዎቼ ፊት አልቀርብም» ስትል የኖረችው እህቴ፣ ለእርስዎ ስትል ለአንድ ቀን እሺ ብላለች። የገበያው ተሸካሚዎች ከነወንበሯ የቤታችንን ደረጃ አውርደው አራተኛ ፎቅ ያደርሷታል፤ የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀትም ይዛ ስለምትመጣ፣ ፕላኑ እስኪገኝ ድረስ በርዎ ላይ ተቀምጣ ታርማለች። ተሸካሚዎቹ የተስማሙት ለማውጣት ብቻ መሆኑን ግን ከወዲሁ እንዲያውቁልን ይሁን። ማውረዱ የጽሕፈት ቤቱ ነው።